ቢራዬ፣ መሪዬና ጂፒኤሱ፦ ለአንድ የድሬ ሾፌር ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«እንደምን ነዎት? ዕድሜዬ 29 ነው። ከድሬዳዋ ሐረር ዶልፊን እነዳለሁ። መኪናው የሌላ ሰው ነው። ሥራዬን ጨርሼ ማታ ከጓደኞቼ ጋር በገዛ ገንዘቤ ቢራ እጠጣለሁ። በርጫም አለ። እስካሁን ማንንም አልጎዳሁም። አሁን ግን የቢራ ማስታወቂያ ተከለከለ፣ ትራፊክ መንገድ ላይ አስቁሞ ንፋ ይለኛል፣ ባለንብረቱ ደግሞ የፍጥነት መገደቢያና ጂፒኤስ ላስገጥም ነው ብሎኛል። ሕገ መንግሥቱ ነፃነት አለህ ይላል። ታዲያ ነፃነቴ የቱ ጋ ነው? መንግሥትስ እጁን የሚሰበስበው የት ላይ ነው? ነገ ደግሞ መኪናው ራሱ ዛሬ አትነዳም ሊለኝ ነው?»

ወንድሜ፣ ዕድሜህን ስለነገርከኝ «አንተ» ልበልህ፤ ታላቅህ ነኝ። ድሬዳዋ ውስጥ ለዓመታት ዐቃቤ ሕግ ሆኜ የትራፊክ መዝገብ ይዣለሁ። አሁን በጥብቅና ነው የምሠራው። ስለዚህ በአንድ ወቅት ሾፌር ከስሻለሁ፣ ዛሬ ደግሞ ሾፌር ወክዬ እቆማለሁ። ጥያቄህን ከሁለቱም ወንበር አውቀዋለሁ። ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ «ጠጥተህ ልትነዳ ነው እንዴ!» ተብሎ አፉን ይዘጋል። እኔ ግን የጠየቅከው ነገር ትልቅ ነው ብዬ አምናለሁ። መንግሥት የት ላይ መቆም አለበት ብሎ የማይጠይቅ ሰው፣ መንግሥት ቤቱ ሲገባም አይጠይቅም።

መጀመሪያ ያንተ የሆነውን እንለይ። ብርጭቆው ያንተ ነው። አዋቂ ሰው ማታ ቢራ እንዳይጠጣ የሚከለክል ሕግ በአገራችን የለም። እንዲኖርም አልፈልግም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 አልኮልን በሕገ መንግሥት ከልክለው ሞክረውት ነበር። መጠጡ ጓሮ ገባ፣ ሽፍታ ከበረበት፣ በመጨረሻ ራሳቸው ሻሩት። እኛ ድሬና ሐረር ለዚህ የተሻለ ልማድ አለን። ከዚራ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠህ ታውቃለህ። አንዱ ሐረር ቢራ ያዛል፣ ሌላው ሃይማኖቱ አይፈቅድለትምና አልኮል የሌለውን ሐረር ሶፊ ያዛል። ሁለቱም ከሐረር ቢራ ፋብሪካ የወጡ ናቸው። አንዱ ሌላውን «ለምን?» አይለውም፤ ሒሳብ ሲመጣ ይካፈላሉ። ይህን ያስተማረን አዋጅ አይደለም፣ ጉርብትና ነው። መንግሥት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ወንበር የለውም።

«ማስታወቂያው ለምን ተከለከለ?» ላልከው፣ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው የከለከለው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጁ ማለት ነው። የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አወጣ፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥንም ከለከለ። ልብ በል፣ አዋጁ አንተን ምንም አላለህም። የከለከለው ሻጩ ለ14 ዓመት ልጅ በእግር ኳስ መሀል ቢራ እንዳያሳየው ነው። ያንተ ብርጭቆ ባለበት ነው። እዚህ ላይ ነፃነትህ ተነካ ብትለኝ አልስማማም። የሻጩ አፍና የጠጪው ጉሮሮ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ቁልፉን ስታነሳ ግን ነገሩ ይለወጣል። መናኸሪያ ውስጥ መኪናህ ላይ የምትወጣው እናት «ትናንት ስንት ጠጣህ?» ብላ አትጠይቅህም። ልትጠይቅ ብትፈልግም አትችልም፤ አንተም አትነግራትም። ሒሳቧን ለረዳቱ ሰጥታ ልጇን አቅፋ ትቀመጣለች። ወደ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚመለሰው ተማሪም፣ አዋዳይ የሚወርደው ነጋዴም እንደዚያው። እነዚህ ሰዎች በደንገጎ ጠመዝማዛ ላይ ሕይወታቸውን ላንተ አደራ ሰጥተዋል፤ የሰጡት ግን ሁኔታህን ሳያውቁ ነው። በራስህ ላይ የምትወስደው አደጋ የራስህ ነው። በእነሱ ላይ የምትወስደውን ግን ፈቃዳቸውን ሳትጠይቅ ነው የምትወስደው። መንግሥት መንገድ ላይ ቆሞ የሚጠይቅህ እነሱ መጠየቅ ያልቻሉትን ነው። የትራፊክ ሕጉ ሥልጣን ከዚህ ይመነጫል፤ ከዚህ ካለፈ ግን እኔም ካንተ ጋር ሆኜ እቃወማለሁ።

«ሥራዬን ጨርሼ ማታ ነው የምጠጣው» ብለሃል። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፣ ምክንያቱም ብዙ ጥሩ ሾፌር የሚሳሳተው እዚህ ነው። 33 ሳንቲ ሊትር የሚይዝና 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ ውስጥ 13 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል አለ። 70 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት 8 ቢራ ቢጠጣ፣ ከ100 ግራም በላይ አልኮል ወሰደ ማለት ነው። ጉበት ደግሞ አይቸኩልም። በአማካይ በሰዓት ከአንድ ሊትር ደም 0.15 ግራም ያህል ብቻ ነው የሚያስወግደው። ቡና ብትጠጣ፣ ቅቅል ብትበላ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ብትታጠብ ፍጥነቱ አይጨምርም። ያ ሰው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ሲተኛ በአንድ ሊትር ደሙ ውስጥ 1.4 ግራም ገደማ ይዞ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ተራ ይዞ ሲነሳ ገና 0.5 ገደማ ይቀረዋል። ተኝቷል፣ ታጥቧል፣ ሸሚዝ ቀይሯል፤ ግን አልኮሉ አልወጣም። «የማታ ቢራ የማታ ነው» የሚለው አባባል ስንቱን አሳስቷል።

አሁን ደግሞ ሕጉን እይ። በ2003 የወጣው የትራፊክ ደንብ ቁጥር 208 ያስቀመጠው ጣሪያ በአንድ ሊትር ደም 0.8 ግራም ነበር። በትንፋሽ ሲለካ በአንድ ሊትር 0.4 ሚሊ ግራም ይሆናል። ስለዚህ በዚያ ጣሪያ ከላይ ያልኩት ሰው ጠዋት ቢነፋ ያልፍ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግን ለማንኛውም አሽከርካሪ 0.5፣ ለጀማሪና ለወጣት አሽከርካሪ ደግሞ 0.2 ነው። የኔን ሐሳብ ልንገርህ፤ ላይጥምህ ይችላል። ሕዝብ ለሚያመላልስ ሾፌር 0.8 በጣም ልቅ ነው። የግል መኪናውን የሚነዳ ሰውና 12 ሰው የጫነ ሰው በአንድ ቁጥር መለካታቸው ልክ አይመስለኝም። ቢጠየቅ ለሕዝብ ማመላለሻ ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ነው የምደግፈው። ቁጥሩ በዚያ ልክ ዝቅ ካለ ግን ባለሥልጣኑም ለሾፌሩ በግልጽ ሊነግረው ይገባል። የትናንት ምሽት ቢራ ነገ ጠዋት እንደሚያስጠይቅ መንጃ ፈቃድ ሲሰጥ መማር አለበት፤ ተይዞ ሲቀጣ አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ልምጣ። «ንፋ» መባል መብት መንካት ነው ወይ? አዎ፣ ነው። ይህን አልክድህም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትህን፣ ሰውነትህንና ንብረትህን ከፍተሻ ይጠብቃል። ትንፋሽህም የሰውነትህ አካል ነው። ያው አንቀጽ ግን መብቱ ሊገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር፣ በዝርዝር ሕግ፣ ጤናን ለመጠበቅ፣ ወንጀልን ለመከላከልና የሌሎችን መብት ለማስከበር ለመሰሉ ዓላማዎች ነው ይላል። የአንድ ደቂቃ ትንፋሽ ምርመራ ይህን መስፈርት ያሟላል ብዬ አምናለሁ። ጥቂት ነው የሚወስድብህ፣ የሚጠብቀው ብዙ ነው።

አፈጻጸሙ ላይ ግን ቁጡ ነኝ። አንድ ምሽት ከቤተሰብ ጋር ስንመለስ አስቆሙን። መሪ የያዘው ዘመዴ ነፋ። መርማሪው መሣሪያውን አየና «አለብህ» አለ። «ቁጥሩን ያሳዩን» አልኩ። «ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። ዘመዴ ያን ቀን ውኃና ሻይ ብቻ ነበር የጠጣው። ሁለተኛ ጊዜ እንዲነፋ ስንጠይቅ «ሂዱ በቃ» ተባልን። ተለቀቅን፣ ግን እኔ ሌሊቱን አልተኛሁም። እኔ ሕግ አውቃለሁ፤ አማርኛ በደንብ የማይችል የጭነት ሾፌር ቢሆንስ ኖሮ? ቁጥር ያለው ሕግ የሚጠቅመው ቁጥሩ ሲታይ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ በትሕትና ጠይቅ። የምነፋበት ቱቦ አዲስ ይሁንልኝ በል። ቁጥሩን ልይ በል። ካልተስማማህ እንደገና ልንፋ በል። ከተከሰስክ ቁጥሩና ሰዓቱ ክሱ ላይ እንዲጻፍ ጠይቅ። ይህ እምቢተኝነት አይደለም። ቁጥሩን ሳያሳይ የሚቀጣህ ሰው ሕግ እያስከበረ አይደለም፣ ጉልበቱን እያሳየህ ነው።

አሁን ወደ በርጫው። በደብዳቤህ ውስጥ ስለ ቢራው ብዙ ጻፍክ፣ ጫቱን ግን «አለ» ብለህ አለፍከው። ሁላችንም እንዲሁ ነው የምናልፈው። የኔ ትልቁ ስጋት ግን እዚያ ነው ያለው።

መሣሪያው አልኮልን ያገኛል፣ ምርቃናን አያገኝም። ጫት ውስጥ ያለው ዋና ቅመም ካቲኖን ይባላል። ሥራው አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር ይመሳሰላል። ቅጠሉ ሲደርቅና ሲቆይ ካቲኖኑ ወደ ደካማው ካቲን ይቀየራል። የአዋዳይ ጫት ገና እርጥብ ሳለ ለገበያ የሚሮጠው ለዚህ ነው፤ ጫት የጫነ መኪና ሲመጣ መንገድ ለቀን የምንቆመውም ለዚህ ነው። እንግዲህ ይህ ቅመም ድካምን አያጠፋም። ድካም መኖሩን እንዳታውቅ ነው የሚያደርግህ። እንቅልፍህ ያው እዳው አለ፤ አበዳሪው ብቻ ዝም ብሏል። ምርቃናው ሲወርድ እዳው በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ ሌሊት፣ ብዙውን ጊዜ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ።

በዚያ ላይ ጨብሲ አለ። አንተ የምታውቀውን ለሌላው አንባቢ ልንገረው፦ ከበርጫ በኋላ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣ መጠጥ ነው። ሰውነት ላይ የሚሆነውን አስበው። አንዱ ያነቃል፣ ሌላው ያደነዝዛል። ያነቃው ስለቀደመ ስካሩ አይሰማህም። «እኔ እኮ አልሰከርኩም» ትላለህ፣ እውነትህን ነው የምትለው። ደምህ ውስጥ ያለው አልኮል ግን አንዲት ነጥብ አልቀነሰም። እጅህ፣ ዓይንህና ፍርድህ በደሙ ልክ ነው የሚሠሩት፣ በስሜትህ ልክ አይደለም።

አንድ መዝገብ አይረሳኝም። ማን እንደሆነ የሚያሳውቅ ነገር አልጽፍም። ሾፌሩ ሲለካ ዜሮ ነበር። ጠጥቶ አያውቅም፣ ሃይማኖተኛ ሰው ነው። ግን ሁለት ሌሊት አልተኛም ነበር፤ በጫት ነበር የቆመው። መንገድ ዳር ቆማ የነበረች ሴት ሞተች። ችሎት ላይ «አላየኋትም» አለ። እያለቀሰ ነበር። አመንኩት፤ እውነትም አላያትም። መሣሪያችን ዜሮ ስላለ፣ ሕጉ የሚጠይቀውን ጥያቄ በሙሉ መልሶ ያለፈ ሰው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ «መለኪያው ምን ይላል?» ብቻ ብሎ የሚጠይቅ ቁጥጥር አያሳምነኝም። የምንቆጣጠረው የሚያስፈራውን ነገር ሳይሆን ለመለካት የቀለለንን ሆነ።

መፍትሔው ጫት መከልከል ነው ብዬ አይደለም። በዚህ አካባቢ የስንት ገበሬ ቤት በጫት ነው የሚተዳደረው። በርጫም የመዝናኛ ብቻ አይደለም፣ እርቅና ጨዋታም አለበት። እንደ ቢራው ሁሉ ቤትህ ውስጥ ያንተ ነው። የሚለካው ሌላ ነገር ነው፤ የሥራ ሰዓት። አንድ ሾፌር በቀን ስንት ሰዓት መሪ ላይ ቆየ? በተከታታይ ስንት ሰዓት ተኛ? ይህን መለካት ይቻላል። የማንም ጉንጭ ውስጥ መግባት አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በእውነት ነፃነትህን የሚወስደው ማነው? የትራፊክ ፖሊሱ በወር ስንት ጊዜ ያስቆምሃል? ባለንብረቱ ግን በየቀኑ ገቢ ይጠብቃል። ነዳጁ ያንተ፣ የረዳቱ ያንተ፣ ቅጣቱ ያንተ፤ የቀረችው ናት እንጀራህ። አንድ ምልልስ ካልጨመርክ ቤትህ ባዶ እጅህን ትገባለህ። ስለዚህ ደክሞህም ትወጣለህ፣ ትርፍም ትጭናለህ። ኋላህ ደግሞ አንዱ «አቦ ንዳ እንጂ!» ይልሃል። አልተኛሁም፣ ዛሬ አልወጣም የማለት ነፃነት አለህ? ካለህ ደስ ይለኛል። ከማውቃቸው ሾፌሮች ውስጥ ግን ይህን የሚችል ጥቂት ነው። ጫቱም ከዚያ ነው የሚመጣው፤ ለደስታ ሳይሆን ለመቆም የሚቅም ስንት አለ።

ለዚህ ነው የፍጥነት መገደቢያውን አንተ ከምታየው በሌላ ዓይን የማየው። መገደቢያ የሌለው ሾፌር «ፍጠን» ሲባል መልስ የለውም። መገደቢያ ያለው ግን «መኪናው አይሄድም» ይላል፣ ክርክሩ ያልቃል። በሒሳብም እየው። 20 ኪሎ ሜትር ሜዳ መንገድ ብታገኝ በ60 ስትነዳ 20 ደቂቃ ይፈጅብሃል፤ በ80 ስትነዳ 15። አምስት ደቂቃ አተረፍክ። የግጭቱ ኃይል ግን ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ነው የሚያድገው፤ ከ60 ወደ 80 ስትወጣ ወደ 80 በመቶ ያህል ይጨምራል። ለአምስት ደቂቃ ይህን የሚገዛ ሰው አዋዳይ ገበያ ላይ አታገኝም።

ግን መገደቢያው ሁሉን ይሠራል ብሎ የሚነግርህ ሰው ካለ አትመነው። በተለይ በኛ መንገድ። መሣሪያው ለሞተሩ የሚገባውን ነዳጅ ነው የሚቀንሰው፤ ፍሬን አይይዝም። ከደንገጎ ወደ ድሬ ስትወርድ መኪናውን የሚነዳው ሞተር አይደለም፣ ቁልቁለቱ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደንገጎ ከሷ በብዙ መቶ ሜትር ከፍ ይላል። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ የሚወርድ ሾፌር መገደቢያ ቢኖረውም ባይኖረውም አንድ ነው። ፍሬኑ ላይ ብቻ ሲደገፍ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ መያዝ ያቆማል። «ፍሬን በጠሰ» የምንለው ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ነገር ኖሮ አይደለም፣ ግሎ ነው። እዚያ ቁልቁለት ላይ የሚያድንህ ከባድ ማርሽ አስገብተህ መውረድህ ነው፤ ይህን ደግሞ ከነቃ ሾፌር በቀር ማንም አያደርግልህም። ቴክኖሎጂ ሜዳው ላይ ይረዳሃል፣ ቁልቁለቱን ላንተ ይተውልሃል።

ጂፒኤሱ ከዚህ ይለያል፤ ስጋትህን እጋራለሁ። መገደቢያው ፍጥነትህን እንጂ አንተን አያውቅም። ጂፒኤስ ግን ማታ የት እንዳቆምክ፣ ዓርብ ቀን የት እንደ ሰገድክ ወይም እሑድ የት እንዳስቀደስክ፣ ማን ቤት በር ላይ ሁለት ሰዓት እንደቆምክ ያውቃል። መኪናውን ወደ ቤትህ ይዘህ የምትገባ ከሆነ ሕይወትህን ይዞ ነው የሚዞረው። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 እዚህ ላይ ይጠቅምሃል። ስላንተ የሚሰበሰብ መረጃ ለታወቀ ዓላማ መሆን አለበት ይላል። ለዓላማው ከሚያስፈልገው በላይ መሰብሰብ የለበትም፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይም መቆየት የለበትም። ስላንተ ምን እንደተያዘ የማወቅ መብትም አለህ። የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በመንገድ ላይ ያለህን ፍጥነት ማወቅ ለተሳፋሪው ደኅንነት ነው። ከሥራ ሰዓት ውጪ የት እንዳደርክ ማወቅ ግን ለማን ደኅንነት ነው?

«ነገ መኪናው ራሱ አትነዳም ሊለኝ ነው?» ላልከው፣ ነገሩ ጀምሯል፤ ግን እንደምትፈራው አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ወዲህ የሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ የመንገዱን የፍጥነት ወሰን አንብቦ የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት ሊኖረው ግድ ነው። ሾፌሩ ግን ነዳጅ መስጫውን ጠንከር አድርጎ ሲረግጠው መሣሪያው ይታዘዘዋል። ነፍቶ ካላለፈ ሞተር የማያስነሳውን መሣሪያም ቢሆን፣ አውሮፓ ያዘዘው መኪናው ለመግጠም ዝግጁ ሆኖ እንዲሠራ ነው እንጂ ለሁሉም እንዲገጠም አይደለም። በብዙ አገር የሚገጠመው ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ በተፈረደበት ሰው መኪና ላይ ነው። ይህ አካሄድ ልክ ነው እላለሁ። ያላጠፋን ሰው በየማለዳው መጠርጠር አንድ ነገር ነው፣ ያጠፋን ሰው መንጃ ፈቃዱን ሳይነጥቁ ሥራው ላይ እያቆዩ መጠበቅ ሌላ ነገር ነው። ለኛም አገር ይህ ሁለተኛው ቢመጣ ደስ ይለኛል። ዛሬ ጠጥቶ የተያዘ ሾፌር ወይ ተቀጥቶ ነገ ያንኑ ያደርጋል፣ ወይ እንጀራው ይቆረጣል፤ መሀሉ የለም።

ስለ ቀበቶ አልጠየቅከኝም፣ ግን «የራሴን ነፍስ ነው፣ ማን አገባው?» የሚባለው እዚያ ላይ ስለሆነ አንድ ነገር ብቻ። ከኋላ ያለ ቀበቶ ያላሰረ ሰው ግጭት ሲኖር ፊት ያለውን ሰው በሙሉ ክብደቱ ነው የሚመታው። ስለዚህ «የራሴ» የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ የጎረቤትም ነው።

አንድ ደስ የማይል ነገር ደግሞ ሳልነግርህ ማለፍ አልችልም፤ ይህን ክፍል በሥራዬ በጣም ስለማውቀው ነው። በ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት በቸልተኝነት ሰው የገደለ ይቀጣል። አልኮል ወይም አደንዛዥ ነገር ወስዶ ራሱን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ ያስገባ ከሆነ ግን ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። «ሰክሬ ነበር» ማለት ችሎት ላይ ማቅለያ አይሆንልህም፣ ማክበጃ ነው የሚሆንብህ። ባለንብረቱ ግን ሌላ ሾፌር ይቀጥራል። አንተ ገና 29 ነህ። እስካሁን ማንንም አለመጉዳትህን አምናለሁ፤ ከመዝገቤ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ እስከዚያች ቀን ድረስ ማንንም ያልጎዱ ነበሩ።

ስለዚህ ከአንተ ቦታ ብሆን የማደርገውን ልንገርህ። የ12 ሰዓት ተራ ባለብኝ ሌሊት ከሁለት ቢራ አላልፍም፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላም አልጨምርም። ጨብሲን ለማግስቱ ዕረፍት ላለብኝ ቀን እተወዋለሁ። ባለንብረቱን ደግሞ ሁለት ሦስት ሆናችሁ አነጋግሩት፤ አንድ ሾፌር ብቻውን ሲናገር ሰነፍ ይባላል። መገደቢያውን እንቀበላለን፣ የቀን ገቢው ግን በመገደቢያው ፍጥነት በሚሠራው ምልልስ ልክ ይሁን በሉት። በ80 የሚገኝ ገቢ በ60 አይመጣምና፣ ይህ ካልተስተካከለ የሚጎድለው ከእንቅልፋችሁ ነው።

ስለ ጂፒኤሱ የምትፈርሙት ወረቀት ካለ ሳታነቡ አትፈርሙ። ወረቀት ከሌለ እንዲኖር ጠይቁ። መረጃውን ማን እንደሚያይ፣ ስንት ቀን እንደሚቀመጥ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ መሣሪያው እንደሚጠፋ ወይም እንደማይታይ ይጻፍበት። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ጠበቃም አያስፈልገውም። ከፈለግክ ረቂቁን ላክልኝና ያለ ክፍያ አነብልሃለሁ። ከተፈረመ በኋላ አንዱን ኮፒ ከሊብሬው ጋር መኪናው ውስጥ፣ ሌላውን ቤትህ አስቀምጥ።